ቲማቲሙ ይቆይ፣ በማርች የሚተከለው ሌላ ነው

ዋሽንግተን አካባቢ ማርች መጨረሻ ላይ ሰው የሚያሳስት አንድ ቅዳሜ አይጠፋም። ሙቀቱ ድንገት 75 ዲግሪ ፋራናይት ይገባል። ጃኬት ይወልቃል፣ ልጆች በቲሸርት ይወጣሉ፣ ችግኝ መሸጫው በሰው ይሞላል። ጓሮ ያለው ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ በገባን በመጀመሪያው ዓመት እኔም እንዲህ ባለ ቅዳሜ ስድስት የቲማቲምና አራት የቃሪያ ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቅጠል እንኳ አልጨመሩም። ከዚያ ኤፕሪል ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ መታቸው። ጠዋት ስወጣ ሁሉም እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁረው መሬት ላይ ተኝተዋል።

በዓመቱ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። የደብረ ብርሃን ሰው ውርጭን ያውቀዋል። ጓሮውን ዞር ዞር ብላ አየችና ጎንበስ ብላ ጣቶቿን አፈሩ ውስጥ ከተተች። «ልጄ፣ ይሄ መሬት እኮ ገና በረዶ ነው። ምን አጣደፈሽ? ጎመንሽን ትከዪ፣ ባቄላሽን ዝሪ። ቲማቲሙ ይደርሳል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እዚህ አገር የጓሮ ሥራ ሁለት ዙር አለው። ብርድ የሚችሉት፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሰላጣ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ሽንኩርት፣ ከማርች መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይገባሉ። ሙቀት የሚፈልጉት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬና በሶብላ፣ ሜይን ይጠብቃሉ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ዙር ሳናውቀው እናልፈዋለን። ሜይ ላይ ሁሉንም በአንድ ቀን እንተክላለን። ጁን ሲመጣ ሙቀቱ ያይላል፣ ሰላጣው ይመርራል፣ ባቄላው አበባውን ያራግፋል። ከዚያ «አፈሩ ለባቄላ አይሆንም» እንላለን። አፈሩ ምንም አላጠፋም፤ ስድስት ሳምንት ዘግይተን ነው።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ዙር ነው። ቀኖቹን የቆረጥኩት ለሜሪላንድ፣ ለዲሲና ለሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ አንድ ወር ገደማ አዘግዩት። አትላንታና ዳላስ ያላችሁ ደግሞ ቀደም ማለት አለባችሁ።

በነገራችን ላይ ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መስከረምና አደይ አበባ ነው። በግዕዙ የወቅት አከፋፈል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። መጋቢት 26 ደግሞ እዚህ ኤፕሪል 4 ላይ ይውላል። የአባቶቻችን ጸደይና የዚህ አገር ጸደይ ከሞላ ጎደል አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው።

ቦታው

አንድ ሙሉ ቀን ቤት ስትውሉ ጓሮውን ጠዋት፣ ቀትርና አሥር ሰዓት ላይ ፎቶ አንሱት። ፀሐይ የት እንደሚያርፍ በሦስቱ ፎቶ ይታያል። ለቲማቲምና ለቃሪያ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያስፈልጋል። ለጎመን፣ ለሰላጣና ለስፒናች አራት ወይም አምስት ሰዓትም ይበቃል። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ማርች ላይ የጎረቤት ዛፍ ቅጠል የለውም። አሁን ፀሐይ የሞላው ጥግ ሜይ ላይ ጥላ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ለመጀመሪያው ዙር ጥሩ ነው። እንዲያውም የኔ ሰላጣ የሚያምረው የጎረቤታችን ሜፕል ሥር ያለው ነው።

ውሃ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከቧንቧው የራቀ መደብ ጁላይ ላይ ይረሳል። የውጪው ቧንቧ ውሃ አልሰጥ ካለ አትደንግጡ። ለክረምቱ እንዳይፈነዳ ከቤዝመንት ውስጥ ተዘግቶ ይሆናል። መክፈቻውን ፈልጋችሁ ክፈቱት፣ ከዚያ ውጪ ወጥታችሁ የሚያፈስ ነገር አለመኖሩን እዩ።

ዶማ ከማንሳት በፊት

ሁለት ነገር አለ፣ ሁለቱም አይታለፉም።

የመጀመሪያው 811 መደወል ነው። ነፃ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰው መጥቶ የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመር የሚያልፍበትን መሬት ላይ በቀለም ያሰምርላችኋል። ጓሮ ውስጥ የኢንተርኔት ገመድ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይጠልቅ ሊቀበር ይችላል።

ሁለተኛው የአፈር ምርመራ ነው። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ይህንን በተለይ አደራ እላለሁ። በአሜሪካ ለቤት የሚሆን እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ማዕድን) ያለበት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ለዓመታት ተፈርፍሮ ከቤቱ ሥር አፈር ውስጥ ይቀራል። ልጆች ያሉበት ቤት እርሳስ ቀልድ አይደለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2024 ለመኖሪያ ቤት አፈር የሚያስጠነቅቅበትን መጠን ከ400 ወደ 200 ፒፒኤም (በሚሊዮን እጅ አፈር ውስጥ 200 እጅ እርሳስ) ዝቅ አድርጎታል። ናሙናውን ከአምስት ስድስት ቦታ፣ ስድስት ኢንች ያህል ቆፍራችሁ ውሰዱ። በንጹሕ ባልዲ አደባልቁትና ከውስጡ አንድ ኩባያ ላኩ። ወዴት እንደሚላክ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን (የእርሻ ምክር) ቢሮ ይነግራችኋል። እርሳስም እንዲታይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ተራው ምርመራ ላይጨምረው ይችላል።

ውጤቱ የአፈሩን አሲዳማነትም (ፒኤች) ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ከ6 እስከ 7 መካከል ከሆነ ጥሩ ነው። የዚህ አካባቢ አፈር ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወርዳል። ሲወርድ የእርሻ ኖራ ይጨመራል፣ መጠኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሳታስመረምሩ ኖራ አትበትኑ።

መደቡ

የሞንጎምሪና የፌርፋክስ ካውንቲ አፈር አብዛኛው ቀይ ሸክላ ነው። ሸክላ መጥፎ አይደለም፤ ምግብ ይይዛል፣ ውሃም ይይዛል። ችግሩ እርጥብ እያለ ከነኩት ነው። እርጥብ ሸክላ ላይ ዶማ ካሳረፋችሁ ያ ጓል ደርቆ እስከ ሰፕቴምበር ጡብ ሆኖ ይቀመጣል።

እናቴ ያሳየችኝ ፈተና ይህ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩና እፍኝ አፈር አውጡ። ጨብጡት። እጃችሁን ክፈቱና በአውራ ጣታችሁ መሀሉን ጫን በሉት። ፈርፈር ብሎ ከተበተነ መሬቱ ደርሷል። እንደ ዳቦ ሊጥ ጎድጉዶ ከቀረ፣ የጣታችሁ አሻራም ከታየበት ሂዱና ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ላዩ ላይም አትመላለሱበት። እኔ አንድ ዓመት ይህን ችላ ብዬ እሑድ ከዝናብ በኋላ ቆፈርኩ። የዚያ ዓመት ካሮት ጣት ያህል እንኳ ወደታች አልወረደም።

መሬቱ ከደረሰ ሁለት ኢንች ኮምፖስት ላዩ ላይ አልብሱና አንድ ስንዝር ያህል ወደታች እያደባለቃችሁ ቆፍሩ። ጓሉን ስበሩ፣ የሣር ሥሩን ልቀሙ፣ በሬክ አስተካክሉ። መደቡ ከአራት ጫማ አይስፋ። ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሀል መድረስ አለበት። መደቡ ላይ እግር አይረግጥም።

እርሳስ ከተገኘ ወይም ሸክላው ከከበደ ደግሞ የሣጥን መደብ ሥሩ። አራት በስምንት ጫማ፣ ከፍታው አሥር ኢንች የሆነ ሣጥን አንድ ኪዩቢክ ያርድ አፈር ይበላል። በአንድ ኪዩቢክ ጫማ ከረጢት ቢታሰብ 27 ከረጢት ነው። ይህን ሳያሰሉ አምስት ከረጢት ገዝተው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። በመኪና ማስጫን ይረክሳል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ይሁን። እኔ የምጠቀመው ሊፍግሮ የሚባለውን ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ከየሰፈሩ ከተሰበሰበ ቅጠልና ሣር የሚሠራ ኮምፖስት ነው። ኦክቶበር ላይ ደጃችን የከመርነው ቅጠል ተመልሶ ጎመናችን ሥር ሲገባ ደስ ይለኛል።

እንጨቱ ተራ ጥድም ይሆናል፣ ሴዳር ግን ዕድሜ አለው። ከባቡር ሐዲድ የወጣ አሮጌ እንጨት በፍጹም አታምጡ፣ የተነከረበት ክሪዮሶት መርዛማ ነው። ከ2004 በፊት የነበረውን አረንጓዴ መልክ ያለው የታከመ እንጨትም ተዉት፣ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት።

ስለ ፍግ አንድ ቃል። ከፈረስ ቤት በነፃ የሚገኝ ትኩስ ፍግ ማርች ላይ አታልብሱ። ሰላጣና ካሮትን የመሰለ አፈር የሚነካ ምግብ ትኩስ ፍግ ከተጨመረ 120 ቀን ሳይሞላ መለቀም የለበትም። ፍጉን ኖቬምበር ላይ አድርጉት፣ ክረምቱ ያበስለዋል።

መቼ?

አምስት ወይም አሥር ዶላር አውጥታችሁ የአፈር ቴርሞሜትር ግዙ። ለዚህ ወቅት ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለም። ጠዋት፣ ሁለት ኢንች ጥልቀት ላይ፣ ሦስት ቀን ተከታትላችሁ አንብቡ። 40 ዲግሪ ፋራናይት ላይ አተር፣ ባቄላ፣ ስፒናችና ሰላጣ ይዘራሉ። 45 ላይ ራዲሽ፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ድንች ይከተላሉ። ቲማቲም 60 ይፈልጋል፣ እሱም ከውርጭ ነፃ በሆነ ሌሊት።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ፎርሲቲያን ይይ። በየአጥሩ ያለችው፣ ቅጠል ሳታወጣ ቢጫ አበባ የምትለብሰው ቁጥቋጦ ናት። አደይን ታስታውሰኛለች። እሷ ስታብብ የመጀመሪያው ዙር ጊዜው ነው።

የመጨረሻው ውርጭ ከተማው መሀል ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ወደ ጀርመንታውን፣ ወደ ማናሳስ ራቅ ካላችሁ ግን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይጎበኛችኋል።

አሁን ወደ ዘሩ

ባቄላ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምዘራው እሱን ነው፤ እሸቱን የምበላበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ። ማርች የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ውስጥ መግባት አለበት። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ስለሚረግፍ ከዚያ በፊት ፍሬ መያዝ አለበት። ዘሩን ከዘር ሻጭ ግዙ፣ ወይም ከሐበሻ ሱቅ ያልተከካ ባቄላ ሞክሩ። ከሱቅ ከሆነ መጀመሪያ ፈትኑት። አሥር ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ ኩሽና ውስጥ አስቀምጡ። በአሥር ቀን ውስጥ ሰባት ካቆጠቆጠ ዝሩት። ሦስት ብቻ ከሆነ ለወጥ አድርጉት። ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ሁለት ኢንች ጥልቀት፣ በፍሬና ፍሬ መካከል ግማሽ ስንዝር ገደማ፣ በመስመርና መስመር መካከል አንድ ክንድ። ማዳበሪያ አይፈልግም። አበባው ሲበዛና ጫፉ ላይ ጥቁር ክሽክሽ ሲሰፍርበት ለጋውን ጫፍ በጣታችሁ ቀንጥሱት። ተባዩ አብሮ ይሄዳል፣ ጉልበቱም ወደ ፍሬው ይዞራል።

አተርም እንዲሁ ነው፣ ግን የሚወጣበት ነገር ይፈልጋል። ከዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወይም የሽቦ መረብ ሲዘሩ አብሮ ይተከል። በኋላ ልትከል ብትሉ ሥሩን ትነኩታላችሁ።

ጎመን። እዚህ ገበያ ያለው ኮላርድ የሚባለው ነው፣ ለአልጫውም ለክትፎውም ሠርተንበታል። ችግኙን ማርች አጋማሽ ላይ ስትገዙ ትልቁን አትምረጡ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። ግንዱ ከመጻፊያ እርሳስ የወፈረ ችግኝ ብርድ ሲመታው «ክረምት አለፈ» ብሎ ያስባልና ቶሎ ወደ አበባ ይሄዳል። ቀጠን ያለውን፣ አራት አምስት ቅጠል ያለውን ውሰዱ። ቤት ውስጥ ወይም ግሪን ሃውስ የኖረ ከሆነ ለአንድ ሳምንት አላምዱት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ጥላ ላይ፣ በየቀኑ እየጨመራችሁ፣ በመጨረሻ ሌሊቱንም ውጪ።

ሲተከል እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ይቀበር። በመካከላቸው አንድ ክንድ ተዉ። ትንሽ ሲሆኑ ሰፊ ይመስላል፣ ጁን ላይ ግን አይበቃም። የሽንት ቤት ወረቀት ካርቶኑን በግማሽ ቆርጣችሁ እንደ አንገትጌ ዙሪያውን አድርጉለት፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ። ሌሊት እየወጣ ግንዱን ከሥር የሚቆርጥ ትል አለ። ጠዋት ችግኙ ታጭዶ ተኝቶ ከምታገኙት ይህ ይሻላል።

የሐበሻ ጎመን ዘር ያላችሁ ደግሞ ማርች መጨረሻ ላይ በቀጥታ ዝሩት። ከኮላርድ ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ቀኑ ሲረዝም ቶሎ ያብባል። ቅጠሉን በለጋው ቁረጡ፣ ሲያብብም አበባ የያዘው ለጋ ዘንግ ይበላል። ዘሩን ከአገር ቤት በሻንጣ ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ ግን እወቁ፦ ለተክል የሚሆን ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፣ ጉምሩክ ላይም መነገር አለበት። እዚሁ የሚሸጡ የዘር ድርጅቶች አሉ።

ለዐቢይ ጾም ብላችሁ ማርች ላይ ጎመን የምትተክሉ ካላችሁ አይደርስም። ቅጠል መቁረጥ የሚጀመረው ከተተከለ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ለሰኔው ጾም ግን በሚገባ ይደርሳል። ሁልጊዜ የሥረኛውን ቅጠል ቁረጡ፣ የላዩን አምስት ስድስቱን ተዉለት።

ሰላጣና ራዲሽ። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ደባልቃችሁ ዝሩ። ራዲሹ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ሲነቀል ለሰላጣው ቦታ ይለቃል። የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት፣ በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል። አንድ ከረጢት ዘር በአንድ ቀን አትጨርሱ። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ።

ካሮት ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። በቀዝቃዛ አፈር ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ላዩ አንድ ቀን ከደረቀ ዘሩ አበቃለት። መፍትሔው ኬሻ ነው። ዘሩን ሩብ ኢንች ቀብራችሁ፣ በደንብ አጠጥታችሁ እርጥብ ኬሻ አልብሱት። ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የመጀመሪያውን አረንጓዴ ክር ስታዩ ኬሻውን አንሱ። ከዚያ ሁለት ኢንች እስኪራራቁ አሳሱ። ማሳሳት ያሳሳል፣ አውቃለሁ፣ የበቀለን ነገር መንቀል ይከብዳል። ያልሳሳ ካሮት ግን ቅጠል ብቻ ነው።

ቀይ ስርም ይሳሳል። አንዱ «ዘር» ተሰብስቦ የደረቀ የብዙ ዘር ጥቅል ነው፣ ከአንድ ቦታ ሦስት አራት ይወጣል። የሚነቀለው ቅጠሉ ሰላጣ ውስጥ ይገባል።

ድንች። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ብዙ ጊዜ እንዳያቆጠቁጥ መድኃኒት የተደረገበት ነው፣ በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ለዘር ተብሎ የሚሸጠውን ግዙ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት ዓይን እንዲኖር አድርጋችሁ ቁረጡና የተቆረጠው ፊት እስኪደርቅ ሁለት ቀን አስጡት። ማርች መጨረሻ ላይ አራት ኢንች ቅበሩት። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲያድግ ግማሹ እስኪሸፈን አፈር አስታቅፉት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ፀሐይ ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ መርዝ አለውና አይበላም።

ሽንኩርት። እዚህ ብዙ ሐበሻ ሲሳሳት ያየሁበት ነገር አለ። ሽንኩርት የሚኮርተው በቀኑ ርዝመት ነው። ከአገር ቤት የለመድናቸው ዓይነቶች የአጭር ቀን ናቸው፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ አገር የተፈጠሩ። እዚህ በጸደይ ሲተከሉ ቅጠል ሳይጠግቡ ቀኑ ይረዝምባቸዋል፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች ያለች ፍሬ ይዘው ያቆማሉ። የመካከለኛ ወይም የረጅም ቀን ዓይነት መሆኑን አይታችሁ ግዙ፣ እሽጉ ላይ ይጻፋል። ማርች መጨረሻ ላይ ችግኙን አንድ ኢንች ጥልቀት፣ አራት ኢንች አራርቃችሁ ትከሉ። ነጭ ሽንኩርት ግን አሁን አይደለም፣ ኦክቶበር ላይ ነው።

ድንብላልም ብርድ ይወዳል። ኩሽና ካለው ማሰሮ ላይ እፍኝ ውሰዱ፣ በመዳፋችሁ አሽታችሁ ለሁለት ክፈሉትና ዝሩት። ፌጦም ማሰሮ ላይ በሳምንት ብቅ ይላል።

ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት

የተከልነው ብርድ ይችላል ብለናል። ሆኖም አዲስ ችግኝ፣ ብቅ ያለ ድንችና ለጋ ሰላጣ ከ30 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳሉ። ስልካችሁ ላይ የአየር ትንበያውን እዩ፣ ግን ሰማዩንም እዩ። ቀኑን ደመና ሆኖ ማታ ከጠራ፣ ነፋሱም ፀጥ ካለ፣ ኮከቡም ከደመቀ ተዘጋጁ። ደብረ ብርሃንም በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚጥለው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ትንበያው 36 ቢልም መሬቱ ላይ ከዚያ ይወርዳል።

ከሰዓት በኋላ መደቡን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጌ አንሶላ ጣሉበት። ጫፉ መሬት ይድረስና በድንጋይ ይያዝ። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ያቃጥለዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አንሱት። «ሮው ከቨር» ተብሎ የሚሸጠው እንደ ነጠላ የሳሳ ነጭ ጨርቅ ካላችሁ ደግሞ ቀን ሳይነሣ መቆየት ይችላል። ብርሃንም ዝናብም ያሳልፋል።

ያው ጨርቅ ሌላም ይጠቅማል። ኤፕሪል ላይ ነጭ ቢራቢሮ ጎመኑ ላይ ስትዞር ካያችሁ እንቁላል እየጣለች ነው። ጨርቁ ካለ አታርፍም። ከሌለ ግን በየሁለት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ አረንጓዴውን ትል ልቀሙ።

ጥንቸልና አጋዘን

በዚህ ሰፈር የማርች ሰላጣ ከሰው በፊት የሚጠብቀው ጥንቸል ነው። ሁለት ጫማ ቁመት ያለው፣ ቀዳዳው ከአንድ ኢንች ያልበለጠ ሽቦ አጥር ይበቃዋል፤ ስድስት ኢንቹ ግን መሬት ውስጥ ይቀበር። አጋዘን ሰባት ስምንት ጫማ አጥር ይዘላል። ያንን ያህል አጥር ትንሽ ጓሮ ላይ የሚሠራ የለም፣ መደቡን ከላይ በመረብ መሸፈን ይሻላል። ስኩረል አዲስ የተቆፈረ አፈር ካየ ይጭራል። ባቄላው እስኪበቅል ሽቦ መረብ አግድም አንጥፉበት።

ውሃው በሳምንት አንድ ኢንች ያህል ይሁን፣ ዝናቡን ጨምሮ። ማርችና ኤፕሪል ላይ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ይበቃል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፣ ከደረቀ አጠጡ። ችግኞቹ ስንዝር ሲያድጉ በመካከላቸው ገለባ ጎዝጉዙ። ድርቆሽ አትግዙ፣ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

እስከዚያው ቲማቲሙ

ቲማቲሙ ቤት ውስጥ ይጀመር። ቃሪያና በርበሬ ማርች መጀመሪያ ላይ፣ ቲማቲም ማርች አጋማሽ ላይ በትንንሽ ማሰሮ ይዘራሉ። የበርበሬ ዘር 80 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ካገኘ በቶሎ ይወጣል፣ ከፍሪጁ አናት ላይ ማስቀመጥ አንዳንዴ ይበቃል። እንደበቀለ ግን ብርሃን ይፈልጋል። መስኮት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ችግኙ ቀጥኖ ይሳባል። ተራ ኤልኢዲ መብራት ከአናቱ ሁለት ሦስት ኢንች ከፍ አድርጋችሁ በቀን 14 ሰዓት አብሩለት። የሚወጡት ከእናቶች ቀን በኋላ ነው፣ ሜይ ሁለተኛው እሑድ። ያኔ ራዲሹ ተበልቶ፣ የመጀመሪያው ሰላጣ ተነሥቶ ቦታው ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ባቄላው እሸት የሚሰጠው ጁን አጋማሽ ላይ ነው። እሸቱ ሲያልቅ ተክሉን ከነሥሩ አትንቀሉት። ከመሬት ልክ በመቀስ ቁረጡት። አንዱን ግን ለማየት ያህል ነቅላችሁ አፈሩን አራግፉለት። ሥሩ ላይ እንደ ጤፍና እንደ ማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍር ሰንጠቅ ስታደርጉት ውስጡ ሮዝ ነው። ከአየር የወሰደውን ናይትሮጅን ያዘጋጀው እዚያ ውስጥ ነው። የቀረው ሥር እዚያው ይበስብስ። ኦገስት ላይ በዚያው መስመር፣ ከተቆረጠው ግንድ ጎን ጎን፣ ለሚቀጥለው ዐቢይ ጾም የሚሆነውን ጎመን ትከሉ። ኮላርድ የዚህን አካባቢ ክረምት ብዙ ጊዜ ይችለዋል፣ ውርጭ ከመታው በኋላ ደግሞ ይጣፍጣል።